የአያ መንግስቴ ሙሉ ድምፅ

ርብቃ ደብረ ታቦር ሄዳ ሥልጠና ወስዳ ስትመለስ፣ ከሰማችው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ እንደ እሾህ ተሰክቶባት ቀረ፦ የጥቅም ግጭት። በማህበር ውስጥ የሚያገለግል ሰው፣ የሚወሰነው ነገር ለራሱ ወይም ለዘመዱ የሚጠቅም ከሆነ አስቀድሞ ይናገር፣ ተናግሮም ይውጣ ነው ነገሩ። ሚኒባሱ በወገዳ መንገድ ላይ እንደ ወንፊት እያንገዋለላት እንኳ ይህንኑ ታስብ ነበር።

ርብቃ በወገዳ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ናት። ከሥራ ውጪ ደግሞ «ኩልል» የተባለ የበጎ ፈቃደኞች ማህበር ጸሐፊ ናት። ማህበሩ ምንጭ ያጸዳል፣ የፈረሰ ድልድይ ይጠግናል፣ ሰው ሲታመም ቃሬዛ ተሸካሚ ያሰባስባል። ደመወዝ የሚባል ነገር አያውቅም። ዘንድሮ ግን ባሕር ዳርና አዲስ አበባ የሚኖሩ የአገሩ ልጆች ከዚህም ከዚያም አዋጥተው ቧንቧ ላኩ፤ «ለሕዝቡ አንድ ቦኖ ውሃ አስተክሉ» አሉ። የት ይተከል የሚለው ግን ለኮሚቴው ተተወ።

ኮሚቴው ሲሰበሰብ ሰኔ ገብቶ ነበር። ሰብሳቢው መሪጌታ ይስማው ናቸው፤ የቅኔ ተማሪ የሚያስተምሩ፣ ቀልድ የማይጠፋባቸው ሽማግሌ። ከጎናቸው አያ መንግስቴ ተቀምጠዋል። እህል ነጋዴ ናቸው፤ ድንበር የተገፋፋ፣ ባልና ሚስት የተጣላ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ነው የሚሄድ። የትምህርት ቤቱ መምህርት ፍቅርተና የግብርና ባለሙያው ደጀኔም አሉ። ፍቅርተ የርብቃ የልብ ወዳጅ ናት፤ ምላሷ ግን ለወዳጅም አይመለስም።

ርብቃ ተነሥታ አዲሱን ደንብ አስረዳች።

«ልጄ፣ ከማን ጋር ነው የተጋጨነው?» አሉ መሪጌታ።

«ከማንም አይደለም የኔታ። የሚጋጨው ጥቅምዎ ነው።»

«ከምን ጋር?»

«ከማህበሩ ጥቅም ጋር።»

«እኔ ከማህበሩ ጋር ተጋጭቼ አላውቅም» አለ ደጀኔ ቆጣ ብሎ። «ማነው እንዲህ ብሎ የነገረሽ?»

ርብቃ ደግማ አስረዳች። ሠልሳ ልታስረዳ አፏን ስትከፍት መሪጌታ እጃቸውን አነሡ። «ገባኝ፣ ገባኝ። እንደ ቅዳሴው ነው በይኛ። ዲያቆኑ ‹ፃኡ ንኡሰ ክርስቲያን› ሲል መውጣት ያለበት ይወጣል፤ ምሥጢሩ የሚፈጸመው ከዚያ በኋላ ነው። ደግ ደንብ ነው፣ ይጽደቅ።»

ጸደቀ። ርብቃ ደስ አላት። ደስታዋ ግን እዚያው ወንበሯ ላይ ሳለች ነው መደፍረስ የጀመረው።

መሪጌታ መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ። «እንግዲህ እውነቱን እንናገር። ቦኖው ከቤተ ክርስቲያኑ በር ቢተከል ተማሪዎቼ ወንዝ መውረድ ይቀርላቸዋል፤ እኔም ልብሴን አጥባለሁ። ንኡሰ ክርስቲያን እኔ ነኝ» ብለው ወጡ።

ፍቅርተ ቀጠለች። «እኔ ትምህርት ቤቱ ደጃፍ እንዲሆን ነው የምፈልገው። ቤቴም እዚያው ነው። ዋሽቼ ከምቀመጥ ወጥቼ ልረፍ።»

ደጀኔ ቤቱ ከላይኛው ሰፈር ነው። ከላይኛው ሰፈር ቢተከል ሚስቱ ከእንግዲህ በውሃ ነገር እንደማትጨቀጭቀው ተናግሮ፣ ፎጣውን አንገቱ ላይ ጠቅልሎ ተከተላቸው።

ርብቃ ብዕሯን እንደያዘች ቆመች። ሰው ልታዋልድ ገብታ እጇን የምትታጠብበት ውሃ ያጣችበትን ቀን አስታወሰች። ቦኖው ጤና ጣቢያው አጠገብ ቢሆን ብላ ያልተመኘችበት ቀን የለም። ደንቡን ያመጣችው እሷ ናት፤ እንዴት አድርጋ ትቀመጥ?

«አያ መንግስቴ፣ እርስዎስ?» አለች፤ ድምጿ አነሰባት።

አያ መንግስቴ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «እኔማ ምን አለኝ ልጄ? ቤቴ ከማዶ ነው። ግቢዬ ውስጥ የራሴ ጉድጓድ አለኝ። እኔም ሆንሁ ቤተሰቤ ከዚህ ቦኖ የምናገኘው ጥቅም የለም። ካለ ጉሮሮዬ ይድረቅ!»

ርብቃ ወጣች፤ በሩንም ከኋላዋ ዘጋችው።

ውጭው በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ነበር። የማህበሩ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና አባላት በቆርቆሮው ጠርዝ ሥር በመደዳ ተጠግተው ቆሙ። በረዶው ቆርቆሮውን ሲደበድበው እርስ በርስ መሰማማት አልተቻለም። ፍቅርተ በመስኮቱ ስንጥቅ አጮልቃ ትመለከት ነበርና ድንገት አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ምን አየሽ?» አለቻት ርብቃ።

«ስብሰባውን ከፈቱት።»

ጆሯቸውን አስጠጉ። ዝናቡ ጋብ ሲል የአያ መንግስቴ ድምፅ ከውስጥ ጥርት ብሎ ተሰማ።

«ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ሐሳብ ያለው? እኔ አለኝ። ይቀጥሉ። እንግዲህ በእኔ በኩል ከገበያው መግቢያ ቢተከል ለሁሉም እኩል ይሆናል ባይ ነኝ። ተቃውሞ ያለው?» ወንበሩ ሲንቋቋ ተሰማ። «ለላይኛው ሰፈር አይርቅም ወይ? ይርቃል፤ ግን ገበያ የማይወጣ ማን አለ? እውነት ነው። እንግዲህ ተቃውሞዬን አንሥቻለሁ።»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው በሳቅ ተንፈቀፈቁ። ደጀኔ ግን፣ «ኧረ ጥሩ አድርገው ነው የተከራከሩት» አለ፤ ከልቡ ነበር።

በሩ ተከፈተ። አያ መንግስቴ ግንባራቸው ላይ ላብ አውጥተው ነበር። «ብዙ ከተወያየን በኋላ» አሉ፣ «ከገበያው መግቢያ እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።»

ርብቃ ምን ትበል? የገበያው መግቢያ መጥፎ ቦታ አይደለም። ደንቡም ተከብሯል። አንድ ሰው እንዴት ጉባኤ ይሆናል የሚል ጥያቄ በሆዷ ቢመላለስም፣ ደንቡን ያመጣች ሰው በዚያው ቀን ደንቡን ብታፈርስ ምን ይሏታል? ቃለ ጉባኤው ላይ «በሙሉ ድምፅ» ብላ ጻፈች።

ክረምቱ ወጣ። መስከረም ጠብቶ መሬቱ ጠፈፍ ሲል ቧንቧው ተቀበረ፣ ግንበኛው ቦኖውን ሠራ። ከቦኖው ፊት ለፊት ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ የኖረ ቤት ነበር። እሱም በዚያው ሰሞን ተከፍቶ ተለሰነ፣ በሩም አረንጓዴ ተቀባ። ሰው አየ፤ ግን ማንም ምንም አላለ። ገበያ ዳር ቤት ሲታደስ ምን ይገርማል?

አንድ ጠዋት የአያ መንግስቴ ባለቤት እትዬ ማንአለሽ የደም ግፊታቸውን ሊለኩ ጤና ጣቢያ መጡ። ደግ፣ ተጫዋች ሴት ናቸው፤ ምሥጢር ግን ሆዳቸው ውስጥ አያድርም። ክንዳቸውን ለመለኪያው ዘርግተው፣ «ርብቃዬ፣ ደስታ ነው መሰለኝ ደሜን ያስነሣው!» አሉ። «ልጄ ጽጌረዳ ምግብ ቤት ልትከፍት ነው። ያውም ከቦኖው ፊት ለፊት! ቤቱን ከሚያዝያ ጀምሮ ተከራይታ ነበር፤ አባቷ ‹ዝም በይ፣ ውሃ እስኪመጣልሽ ጠብቂ› ብሏት። አባት ማለት እንዲህ ነው፤ ውሃውን ደጃፏ ድረስ አመጣላት!»

ርብቃ የግፊት መለኪያውን ፓምፕ ጨብጣ ቀረች።

«ኧረ ክንዴን!» አሉ እትዬ ማንአለሽ።

ማታውን ለፍቅርተ ነገረቻት። ንዴቷ ከአያ መንግስቴ ይልቅ በራሷ ላይ ነበር። «በገዛ እጄ እኮ ነው በሩን የዘጋሁላቸው። የተናገረው ሁሉ ወጣ፣ የዋሸው ተቀመጠ። ነገ በኮሚቴ ፊት እጠይቃቸዋለሁ።»

«አትጠይቂያቸውም» አለች ፍቅርተ። «ብትጠይቂያቸው ይክዳሉ፤ ነገር ማስተካከል ያውቃሉ፤ መጨረሻ ላይ አንቺው ይቅርታ ጠይቀሽ ትወጫለሽ። እናመስግናቸው።»

«ምን?»

«በሕዝብ ፊት እናመስግናቸው። ምንም ጥቅም የለኝም አላሉም? እኛ ደግሞ እናምናቸው። እስከ መጨረሻው።»

ርብቃ ሐሳቡ ሲገባት መጀመሪያ ደነገጠች። «ይሄማ ተንኮል ነው።»

«ተንኮሉ የት ላይ ነው? እሳቸው የተናገሩትን ነው የምንደግመው።»

የምርቃቱ ዕለት ገበያተኛው ሁሉ ቦኖው ዙሪያ ተሰበሰበ። መሪጌታ ጸሎት አደረሱ። ውሃው ፉጨት አሰምቶ፣ ጭቃ ተፍቶ፣ ቀጥሎ ንጹሑ ሲወርድ እልልታው ቀለጠ። ያን ጊዜ ፍቅርተ ፈቃድ ጠይቃ ወደ ፊት ወጣች።

«ወገኖቼ፣ እኛ የኮሚቴ አባላት ሁላችንም ውሃው ወደ ደጃችን እንዲመጣ ስንጎመጅ ነበር። ከሁላችን መሐል አንድ ሰው ብቻ ‹እኔም ሆንሁ ቤተሰቤ ከዚህ ቦኖ የምናገኘው ጥቅም የለም› ብሎ ስለ እኛ የወሰነልን አለ። አያ መንግስቴ ናቸው!»

ጭብጨባው ወረደ። አያ መንግስቴ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ፤ ፊታቸው በርቶ ነበር።

«ግን የሰው አፍ ክፉ ነው» ቀጠለች ፍቅርተ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ነገ አንዱ ምቀኛ ተነሥቶ ‹ለራሳቸው ነው ያስተከሉት› ቢልስ? ይህን የመሰለ ስም እንዴት ይጎድፋል? ስለዚህ ስማቸው እንዲጠበቅ፣ እሳቸውም ሆኑ ልጆቻቸው፣ አማቾቻቸውም ቢሆኑ፣ ከዚህ ቦኖ እንዳይቀዱ ሕዝቡ ይወስንላቸው። ክብር ነው!»

«ይወሰንላቸው!» አለ ሕዝቡ በአንድ አፍ።

መሪጌታ ርብቃን አዩ፣ ፍቅርተን አዩ፣ አረንጓዴውን በር አዩ። ከአገር በፊት ነገር የሚገባቸው ሰው ናቸው። «አያ መንግስቴ፣ ምን ይላሉ?» አሉ በትሕትና።

አያ መንግስቴ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ እንደገና አስተካከሉ። ጽጌረዳ ከሕዝቡ መሐል ቆማ ዐይኗን አፍጣባቸዋለች። «እንግዲህ . . . ሕዝብ ካለ . . . ደስ ይለኛል» አሉ።

የቦኖው ጠባቂ ሆና የተመረጠችው ዝናሽ ናት። ዝናሽ ነገር አታጠምም፣ አታቃናም፤ የተባለችውን ነው የምታደርግ። ጽጌረዳ ምግብ ቤቷን በከፈተች በመጀመሪያው ጠዋት ጀሪካን ይዛ መጣች።

«የኔ እመቤት፣ ለአንቺ አልቀዳልሽም» አለች ዝናሽ። «የአባትሽ ስም ይጎድፋል።»

«ለአንድ ጀሪካን?»

«ስም እንደ ነጭ ኩታ ነው ይላሉ መምህርቷ።»

እንግዲህ ጽጌረዳ ምን ታድርግ? ውሃው ከበሯ ፊት ለፊት ይንፏፏል፤ እሷ ግን አህያ ተከራይታ ከማዶ፣ ከአባቷ ጉድጓድ ታስጭናለች። ደንበኛ ሽሮ አዝዞ እጁን ሊታጠብ ሲነሣ፣ «ይቅርታ፣ አህያዋ አልደረሰችም» ትለዋለች። ደንበኛው መንገዱን ተሻግሮ ቦኖው ላይ ታጥቦ ይመለሳል። ይህ ጨዋታ ሆነ። ቅዳሜ ገበያ የሚወጣ ሰው ሁሉ፣ «አህያዋ ደረሰች ወይ?» ብሎ ነው የሚገባው።

አያ መንግስቴ መላ አላጡም። አንድ ቀን የሰፈር ሴት ልከው በሷ ስም ሊያስቀዱ ሞከሩ። ዝናሽ ጀሪካኑን አየት አድርጋ፣ «ይህ የእትዬ ማንአለሽ ጀሪካን ነው፤ ክዳኑ ላይ ቀይ ጨርቅ የሚያስሩ እሳቸው ብቻ ናቸው» ብላ መለሰቻት። ሌላ ጊዜ ራሳቸው መጥተው፣ «ዝናሽ፣ የሚጠጣ ውሃ እንኳ ለእንግዳ?» አሏት። «ለእርስዎ ስል ነው» አለቻቸው። ከልቧ ነበር የምትናገረው፤ እሱ ነው ይበልጥ ያበገናቸው።

ጥር ሲገባ የባሰው መጣ። ለምግብ ቤት ተብሎ ሲቀዳ የሰነበተው ጉድጓድ ነጠፈ። ባልዲው ወርዶ ወርዶ ጭቃ ይዞ ወጣ። ጥምቀትን ያሳለፉት ከጎረቤት በተለመነ ውሃ ነው። እትዬ ማንአለሽ፣ ያቺ ተጫዋች ሴት፣ ጨዋታ አቆሙ። ጀሪካናቸውን አምጥተው ከባላቸው እግር ሥር ዱብ አደረጉና፣ «አንተ ሰው፣ ሂድና የዋሸ አፍህን አስተካክል። ወይ ውሸትህን፣ ወይ እኔን ምረጥ» አሏቸው።

በሚቀጥለው እሑድ፣ ሕዝቡ ከቅዳሴ ወጥቶ በማህበሩ ግቢ ለጠቅላላ ስብሰባ እንደተቀመጠ፣ አያ መንግስቴ እጃቸውን አወጡ።

«ግጭት አለብኝ» አሉ።

«ከማን ጋር?» አሉ መሪጌታ፣ ሳቃቸውን በጢማቸው ውስጥ ደብቀው።

«ከሚስቴ ጋር። ከልጄም ጋር። አሁንማ ከአህያዋም ጋር ሳይሆን አይቀርም።»

ግቢው በሳቅ ተናጋ። አያ መንግስቴ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁ፤ ሲናገሩ ግን ድምፃቸው ተሰባብሮ ነበር። ቤቱን ልጃቸው መከራየቷን ያን ዕለት ያውቁ እንደነበር፣ ሁሉም ሲወጣ እሳቸው መቀመጣቸው ያኔ ብልሃት መስሏቸው እንደነበር፣ ከዚያ ወዲህ ግን ቦኖው አጠገብ ሲያልፉ የውሃው ድምፅ የሚስቅባቸው እየመሰላቸው እንደተሳቀቁ ተናገሩ። «ሰው ሳስታርቅ ኖሬ፣ ራሴን የሚያስታርቀኝ አጣሁ» አሉ።

ርብቃም ተነሣች። ደስ ይለኛል ብላ የጠበቀችው ሰዓት ነበር፤ የተሰማት ግን ደስታ አልነበረም። ሽማግሌ ሲሰበር ማየት ምን ደስ ይላል? «ጥፋቱ የደንቡም ነው» አለች። «ያለበትን የተናገረ ሰው ሁሉ ወጥቶ በረዶ ከሚመታው፣ ተናግሮ ይቀመጥ። ሐሳቡን እንስማ፤ ውሳኔው ላይ ብቻ እጁን አያንሣ። ሁላችንም ያለብን ነገር ሲመጣ ደግሞ ኮሚቴው ይቅርና ሕዝቡ ይወስን።»

«አሁን ገና ሰው የሚችለው ደንብ ሆነ» አሉ መሪጌታ።

ሕዝቡ አያ መንግስቴን ማራቸው። ለዓመት ከኮሚቴው እንዲያርፉ፣ ቤተሰባቸው ግን እንደ ማንም ተሰልፎ እንዲቀዳ ተስማማ። ዝናሽ ብቻ ቅር ብሏት፣ «ስማቸውስ?» ብላ ጠየቀች። «ስሙ ታጥቧል» አሏት መሪጌታ። ወዲያውም ከላይኛው ሰፈር፣ ከትምህርት ቤቱ፣ ከጤና ጣቢያው ጥያቄ ጎረፈ። የተረፈው ቧንቧ ለአንድ ተጨማሪ ቦኖ ይበቃል ተባለ፤ ሕዝቡም ራሱ እጅ አውጥቶ ከጤና ጣቢያው በር እንዲሆን ወሰነ። ርብቃ እጇን ታፋዋ ሥር አድርጋ፣ ሳታነሣ ተቀመጠች።

ቦዩን የሚቆፍረው ሕዝቡ ነው። የቁፋሮው ጠዋት ዶማና አካፋ ሲከፋፈል ግን አዲስ በሽታ ገባ። መጀመሪያ ደጀኔ ዶማውን ሳይቀበል እጁን አወጣ።

«ያለብኝን መናገር እፈልጋለሁ። ሚስቴ ነፍሰ ጡር ናት፤ ጤና ጣቢያው ይጠቅመኛል። ስለዚህ ከሥራው ብርቅ ይሻላል።»

«እኔም ወገቤን የምታከመው እዚያ ነው» አለ ከኋላ አንዱ።

«እኔማ እዚያው ነው የተወለድሁት!» አለ ሌላው፣ ወደ አጥሩ ጥላ እያፈገፈገ።

ርብቃ ወገቧን ይዛ ተመለከተቻቸው። ከዚያ ትልቁን ዶማ አንሥታ ደጀኔ እጅ ላይ አስቀመጠችው። «ደንቡ እጅ አታንሣ ያለው ለድምፅ ነው። ለዶማ ማንሣት ትችላለህ።»

አያ መንግስቴ ከሁሉም ቀድመው ቦዩ ውስጥ ገብተዋል። እትዬ ማንአለሽ ዳቦ ተሸክመው ከዳር ቆመው ያይዋቸው ስለነበር፣ ለመውጣት አልሞከሩም። አቧራው ተነሣ፣ ዘፈኑም ተነሣ፣ ቦዩም ወደ ጤና ጣቢያው አቅጣጫ ረዘመ። ፀሐይ ስትከር የደጀኔ ዶማ ቋጥኝ መታና እሳት አወጣ። ዙሪያውን ቢቆፍሩት ዳር የለውም፤ ቧንቧው መታጠፍ አለበት። በግራ ቢታጠፍ በመሪጌታ አጥር ሥር ያልፋል፤ በቀኝ ቢታጠፍ የፍቅርተን ጓሮ ይቆርጣል።

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ፍቅርተ ነጠላዋን አስተካከለች። ሁሉም ዞሮ ርብቃን አየ።

«መጀመሪያ ዳቦ እንብላ» አለች ርብቃ።